የየኔታን ፍራሽ በራሴ ጎን ስመርጥ

ክቡራትና ክቡራን፣ የፍራሽ ሱቃችን ባለቤት ጋሽ ኪዳነወልድ፣ ከመጋዘንም ከመኪናም ሥራችሁን አቋርጣችሁ የመጣችሁ ባልደረቦቼ፣ እግዚአብሔር ያክብርልኝ። ይህን ድግስ ያሰናዳችሁልኝ ሻጮቻችን ሰርካለምና ጸሎት፣ ድፎ ዳቦውን የጋገራችሁት፣ ወንበር ስላልበቃ ፍራሾቹን ደርድራችሁ መቀመጫ ያደረጋችሁት፣ እጃችሁ ይባረክ። ብቻ አንድ ነገር ላስጠንቅቅ። በቀኝ በኩል ያላችሁት የተቀመጣችሁት ለስላሳው ስፕሪንግ ላይ ነው። የኔ ንግግር ደግሞ አጭር አይደለም። ካንቀላፋችሁ ጥፋቱ የፍራሹ ነው፣ እኔ የለሁበትም።

እንግዲህ ጡረታ ወጣሁ ማለት ነው። ስድሳ ሞላኝ ስላችሁ ያላመናችሁ ተባረኩ። ሳታንገራግሩ ያመናችሁት ግን ቆይ፣ በኋላ እንነጋገራለን።

አስራ አራት ዓመት ፒያሳ ላይ ቆሜ ስንቱን ጎንደሬ አስተኛሁ? የማራኪ ዩኒቨርሲቲ ግቢ መምህራን፣ ከደጋ ለሰርግ ዕቃ የሚወርዱ ገበሬዎች፣ ቄሶች፣ ዲያቆናት፣ የባንክ ሰዎች። መንገድ ላይ ሳገኛቸው ስማቸውን እረሳለሁ፤ አተኛኛቸውን ግን አልረሳም። «ደህና ዋሉ» ስላቸው በልቤ «በግራ ጎናቸው ናቸው» እላለሁ። ይህ የሥራዬ በሽታ ነው፤ ጡረታም የሚያድነው አይመስለኝም።

ዛሬ ግን የቆምሁት ለማመስገን ብቻ አይደለም። ከሰኞ ጀምሮ የሽያጭ ኃላፊነት ወንበሬ ባዶ ነው። ማን ይቀመጥበት ይሆን እያላችሁ በየጥጉ ስትንሾካሾኩ ሰንብታችኋል። ሰምቻችኋለሁ፤ ጆሮዬ ገና ጡረታ አልወጣም። እኔን ብትጠይቁኝ የዚያ ወንበር ባለቤት እዚሁ ከመካከላችን አለ፤ ፍራሽ የሚያመላልስልን ባልደረባችን። ዳኛው ነው። እንዳይቀመጥበት ያደረገው አንድ የቆየ ጥፋት ነው። የዚያን ጥፋት እውነተኛ ታሪክ ሳልናገር ከዚህ ቤት ብወጣ የበላሁት ዳቦ አይረጋልኝም። ዳኛው፣ እንዲያ አትየኝ። ምን ልናገር እንደሆነ ገብቶሃል፤ ቢሆንም እናገራለሁ።

ነገሩ የፍራሽ ነገር ነውና ከፍራሽ ልጀምር። ጸሎት፣ አንቺም ስሚኝ፤ ከሰኞ ጀምሮ የምጠየቅ ሰው አይደለሁም።

እኔ ስቀጠር ጎንደሬ ፍራሽ የሚመርጠው በጡጫ ነበር። ይገባል፣ እጁን ይጨብጣል፣ ፍራሹን ሁለት ሦስት ጊዜ ጎሰም ጎሰም ያደርግና «ይኸ ይሻላል» ይላል። አንድ መካኒክ ትዝ ይለኛል። ስፕሪንግ ማለት እንቢ ብሎ እንደ መኪናው ሞላ «ባለ ሞላው» ነበር የሚለው። ፍራሹን እየደለቀ ሞላው ጠንካራ እንደሆነ ጠየቀኝ። እኔም «ጌታዬ፣ ሌሊቱን በጡጫዎ ነው እንዴ የሚተኙት?» አልሁት። እየሳቀ ገዛ።

ለምን በጡጫ? መጋደም ስለሚያሳፍር ነው። ሰው ፊት ጋደም ማለት ለኛ የታማሚ ወይ የሰካራም ነገር ነው። ፒያሳ መካከል፣ በመስተዋቱ ውጭ ባጃጅ እያለፈ፣ ጫማውን አውልቆ ማን ይጋደማል? ሙሽሮች አማት አስከትለው ይመጣሉ። ሙሽራዋ አንገቷን ደፍታ ትቆማለች፣ ሙሽራው ጣሪያ ጣሪያውን ያያል፣ በመጨረሻ የምትጋደመው አማትየዋ ናት። ፍራሹም ለአማትየዋ ወገብ ተመርጦ ለሙሽሮቹ ይሄዳል።

ያለ እፍረት የተጋደመ አንድ ሰው ብቻ አውቃለሁ። አያ መልካሙ ይባላሉ፣ ከመካነ ብርሃን ለልጃቸው ሰርግ ዕቃ ሊገዙ የመጡ። መኪናው ሲያንገላታቸው አድሯል። «እስኪ ልሞክረው» ብለው ጋቢያቸውን እንደተከናነቡ ለስላሳው ላይ በጎናቸው ኩርምት አሉ። አንድ ሰዓት ተኩል ተኙ። ሰርካለም እንቀስቅሳቸው ወይ ብትለኝ፣ ተዪአቸው፣ ከዚህ የተሻለ ማስታወቂያ የለንም አልኋት። ሲነቁ ምን አሉ? «ሸጋ ነው፤ እጅግ ሸጋ ነው። ግን ይኸ ቤቴ ከገባ ማን ተነሥቶ ያርሳል?» ስስ የስፖንጅ ፍራሽ ገዝተው ሄዱ።

አያ መልካሙ ሳያውቁት ትክክለኛው ፍራሽ ላይ ነበር የተኙት። በጎኑ የሚተኛ ሰው ለስላሳ ስፕሪንግ ይስማማዋል። በጎናችን ስንሆን ትከሻችንና ዳሌያችን ወጣ ወጣ ይላሉ፣ ወገባችን ይጎድላል። ፍራሹ ደረቅ ከሆነ ትከሻ ይጫናል፣ ክንድ ይደነዝዛል፣ ሰውየው ሌሊቱን ሲገላበጥ ያድራል። ለስላሳው ግን ትከሻውንም ዳሌውንም ወደ ውስጥ ይቀበልና አከርካሪው ቀጥ ይላል። ትራሱንም ሞላ ያለ ስጡት፤ በትከሻና በጆሮ መካከል ያለው ክፍተት መሙላት አለበት።

በጀርባው ተንጋሎ የሚተኛ ደግሞ ልከኛ ነው የሚፈልግ፤ ከላይ ለስለስ ያለ፣ ከሥሩ የሚመክት። እንዴት ይታወቃል? አንጋሉትና እጃችሁን በወገቡ ሥር አስገቡ። እጃችሁ እንደ ልቡ ከተመላለሰ ፍራሹ ደርቆበታል። ጭራሽ አልገባ ካለ ሰውየው ሰምጧል። ገፋ ስታደርጉት ብቻ የሚገባ ከሆነ፣ እሰይ፣ ዋጋውን ንገሩት።

በሆዱ ተደፍቶ የሚተኛ ከመጣ ለስላሳውን አታሳዩት። ቢለምናችሁም አታሳዩት። ሆዱ ይሰምጣል፣ ወገቡ ይለመጣል፣ ጠዋት እያቃሰተ ይመጣባችኋል። ደንዳና ሰው ከቀጭን ይልቅ እንደሚሰምጥም አትርሱ፤ ለአንዱ ልከኛ የሆነው ለሌላው ጉድጓድ ነው። ባልና ሚስት ከሆኑ፣ አንዱ ሲገላበጥ ሌላው እንዳይነቃ እያንዳንዱ ስፕሪንግ በየራሱ ኪስ የተሰፋበትን ስጧቸው። ብዙ ትዳር አድናችኋል፤ ግን አመሰግናለሁ የሚላችሁ የለም።

ከሥሩ ምን እንዳለም ጠይቁ። ማራኪ አንዲት ክፍል የተከራየ ተማሪ ለስላሳ ስፕሪንግ ገዝቶ ሲሚንቶው ላይ አነጠፈው። በክረምቱ መጨረሻ «ፍራሻችሁ ሻገተ» ብሎ መጣ። ምን ልበለው? ፍራሽ እንደ ሰው ነው፣ ከሥሩ አየር ይፈልጋል። አልጋው የጎደጎደ ከሆነ ደግሞ ምንም ዓይነት ፍራሽ ብታነጥፉበት ጎድጉዶ ይተኛል።

ይህን ሁሉ የማውቀው አዋቂ ሆኜ አይደለም። ሰው ጎድቼ ነው።

ነገሩ የሆነው በተቀጠርሁበት ዓመት ነው። ባለቤቴ ካረፈ ገና ዓመቱ አልሞላም። ሁለት ልጆች ይዤ፣ እዚህ በሙከራ ተቀጥሬ፣ ሁለተኛውን ወር ጀምሬያለሁ። ጋሽ ኪዳነወልድ ያኔ እንደ ዛሬው አልለዘቡም ነበር። አንድ ቅሬታ ከሰማሁ ቋሚነት የሚባል ነገር እርሺው ብለውኛል። አልፈርድባቸውም፤ ያኔ ሱቁም እንደኔው ሙከራ ላይ ነበር። ዳኛው ዋናው ሻጭ ነው። የሽያጭ ኃላፊ ሊሆን የቀረው ደብዳቤው ብቻ ነበር።

አንድ ቀን ማርያማዊት መጣች። የየኔታ ወልደ ገብርኤል ልጅ ናት። የማታውቋቸው ካላችሁ፣ የኔታ የደብራችን መሪጌታ ናቸው፤ ስንቱን ዲያቆን ዜማ ያስተማሩ ሰው። ልጃቸው ባሕር ዳር ነው የምትሠራ። ለሦስት ቀን ልትጠይቃቸው መጥታ፣ አባቷ በዚያ ዕድሜያቸው በጠፍር አልጋ ላይ ቁርበት አንጥፈው ሲተኙ አገኘቻቸው። «ከሁሉ የሚለሰልሰውን ስጪኝ» አለችኝ። ለስላሳው ስፕሪንግ ገና አዲስ የገባ ሰሞን ነበር። ተጋድመሽ እይው ብላት አፈረች።

እኔ ብልጥ መሆኔ ነው፤ «እኔ እጋደምልሻለሁ» አልሁ። ሱቁ ጭር ብሎ ነበር። ጫማዬን አውልቄ በጎኔ ጋደም አልሁ። እኔ ደግሞ ሁልጊዜም በጎኔ ነኝ። ያ ዓመት እንቅልፍ ያጣሁበት ዓመት ነበርና ፍራሹ ትከሻዬን ሲቀበለኝ ዕንባዬ መጣ። «ይኸ ነው፤ ይኸን ውሰጂላቸው» አልኋት። የኔታ እንዴት እንደሚተኙ አልጠየቅሁም። ምን ላይ እንደሚነጠፍም አልጠየቅሁም። የሰባ ዓመት ሰው ጀርባ በአርባ ስድስት ዓመት ሴት ጎን መረጥሁ። ደረሰኙን ዳኛው ጻፈው፤ ለሙከራ ሠራተኛ ደረሰኝ መጻፍ አይፈቀድም ነበርና። ማርያማዊት ደስ ብሏት በማግሥቱ ባሕር ዳር ተመለሰች።

የኔታ የሚተኙት ተንጋለው፣ እጃቸውን በደረታቸው አመሳቅለው ነው። ኋላ ስጠይቃቸው «ልጄ፣ መገነዜን እየተለማመድሁ ነው» አሉኝ። አልጋቸው ከአባታቸው የወረሱት ነው፤ ጠፍሩ መካከሉ ላይ ረግቧል። በረገበ ጠፍር ላይ ለስላሳ ስፕሪንግ ሲነጠፍ ምን ይሆናል? ገንዳ ይሆናል። የኔታ ሦስት ሳምንት በዚያ ገንዳ ውስጥ ተኙ። ወገባቸው እያመማቸው ምነው አልተዉትም ትሉ ይሆናል። ልጃቸው የገዛችላቸው ነዋ! በስልክ እንዴት ነው አባባ ስትላቸው ገነት ነው ይሏት ነበር። በኪዳነ ምሕረት ዋዜማ ከአልጋቸው መነሣት አቃታቸው። ከአርባ ዓመት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ማኅሌቱ ያለ የኔታ ተቆመ።

ጋሽ ኪዳነወልድም የዚያው ደብር ሰው ናቸው። የኔታ ምን ሆኑ ብለው ቢጠይቁ፣ ከሱቅዎ የተገዛው ፍራሽ ነው የጣላቸው ተባሉ፤ ያውም በሰው ሁሉ ፊት። ሰኞ ጠዋት ሲገቡ ፊታቸው የሚታይ አልነበረም። ደረሰኙን አስወጥተው ጠረጴዛው ላይ አኖሩ። ሁላችንንም አቆሙን። «ለየኔታ ይኸን ፍራሽ የሸጠው ማን ነው?» አሉ።

አፌን ከፍቼ ነበር። እውነቴን ነው፣ ከፍቼ ነበር። ልጆቼ ናቸው የታዩኝ። ያኔ ዳኛው ካጠገቤ ሆኖ «እኔ ነኝ» አለ። እንዴት እንደሚተኙ ጠይቀህ ነበር ወይ አሉት። አልጠየቅሁም አለ። በዚያው ቀን የኃላፊነቱ ነገር ቀረ፣ ከሱቅ ወጥቶ ወደ መጋዘንና ወደ መኪናው ተዛወረ። እኔ በወሩ ቋሚ ሆንሁ። በሦስተኛው ዓመት ለእርሱ የታሰበው ወንበር ለኔ ተሰጠ። አጨበጨባችሁልኝ። ዳኛውም አጨበጨበ።

ያን ሰኞ ከሰዓት በኋላ መጋዘን ድረስ ሄጄ ለምን እንዲያ እንዳደረገ ጠይቄዋለሁ። ፍራሽ እያነባበረ፣ ፊቱን እንኳ ሳያዞር፣ «እትዬ ትርንጎ፣ እኔ ብባረር የሚያስጠጋኝ ዘመድ አለኝ። አንቺ ያለሽ ይቺ ሥራ ናት» አለኝ። ነገ ሄጄ እነግራቸዋለሁ አልሁት። ከነገርሽ እኔ ውሸታም እባላለሁ፣ አንቺም ትባረሪያለሽ፣ ለማን ይጠቅማል ብሎ ቃል አስገባኝ።

ዝም አይነቅዝም ይላል ያገራችን ሰው። ይነቅዛል፣ ክቡራትና ክቡራን። በመጀመሪያው ዓመት ስለ ልጆቼ ዝም አልሁ። ኋላ ስለ ቃሌ ነው እል ጀመር። ከዚያ ወዲያ ግን ስለ ወንበሩ ነው። ልጆቼ አደጉ፣ አንዷ ነርስ ሆነች፣ ሌላው ከማራኪ ተመረቀ፤ እኔ አሁንም ዝም እንዳልሁ ነኝ። የዳኛው ምክር ተመችቶኝ ነበር። እውነቱ ይኸው ነው።

እርሱስ ምን አደረገ? በተዛወረ በማግሥቱ፣ ማንም ሳይልከው፣ ጣውላ ተሸክሞ የየኔታ ቤት ሄደ። ጠፍሩ ላይ ርብራብ አበጀላቸው። ለስላሳውን አንሥቶ ልከኛውን አነጠፈላቸው። እንዴት እንደሚተኙ ጠየቃቸው፣ አንጋለላቸው፣ እጁን በወገባቸው ሥር አስገብቶ ለካ። ያ ቅድም የነገርኋችሁ የእጅ ብልሃት የኔ አይደለም፤ የዳኛው ነው፣ መጀመሪያ የተሞከረውም በየኔታ ወገብ ነው። በሁለተኛው ወር የኔታ መቋሚያቸውን ይዘው ማኅሌት ቆሙ። ዳኛውም በሩቅ ቆሞ አይቷቸው ወደ ሥራው ተመለሰ።

«ትርንጎ ሰውን አይታ ፍራሹን ታውቃለች» ትላላችሁ አይደል? እስኪ እንዴት እንደማውቅ ልንገራችሁ። ዳኛው ፍራሽ ተሸክሞ የሰው መኝታ ቤት ይገባል። እኛ የምናየው ሱቁን ነው፤ እርሱ የሚያየው አልጋውን ነው። የማን አልጋ እንደጎደጎደ፣ የማን ርብራብ እንደተሰበረ፣ ማን ትራሱን አቅፎ በሆዱ እንደሚደፋ ያያል። ያላየውን ይጠይቃል። ዝናብ ደብድቦት፣ በላስቲክ የተጠቀለለ ፍራሽ ደባርቅ ድረስ አድርሶ ይመለስና ሻዩን ሳይጠጣ በጆሮዬ ይነግረኛል። ለኒያ መምህር ለስላሳውን አትስጪ፣ ተደፍተው ነው የሚተኙ ይለኛል። በሳምንቱ መምህሩ ለራሳቸው ሊገዙ ሲመጡ እኔ ፊታቸውን ትኩር ብዬ አይቼ «እርስዎ በሆድዎ ነው የሚተኙ» እላቸዋለሁ። ሰውየው ይደነግጣሉ። እናንተም ትደነግጣላችሁ። ዳኛው መኪናው ላይ ሆኖ ይስቃል።

ጥጉ ላይ የሰቀልነው መጋረጃስ? ጋሼ ለመጣ እንግዳ ሁሉ «የትርንጎ ፈጠራ» እያሉ የሚያሳዩት? ሰው ሲጋደም አፍሮ እንደሚገዛ ያየ፣ ጨርቁን ያመጣ፣ ሽቦውን የወጠረ ዳኛው ነው። ቄሶች ሳይቀሩ ጥምጥማቸውን አኑረው የሚጋደሙት በእርሱ ብልሃት ነው። የሰው ወርቅ አያደምቅ ይባላል። እኔ ግን አስራ አራት ዓመት ደምቄበታለሁ። ዛሬ ማውለቄ ነው።

ታዲያ እስከዛሬ ዝም ያልሽ ሴት ዛሬ ምን አናገረሽ ትሉኝ ይሆናል። ከሦስት ሳምንት በፊት ጋሼን ማንን ሊያስቀምጡ ነው ብዬ ጠየቅኋቸው። ከሌላ ከተማ ሰው እንደሚያስመጡ ነገሩኝ። ዳኛውስ አልኋቸው። ጋሼ፣ ያሉትን ልድገመውና ይቅርታ ያድርጉልኝ። «ዳኛው ታማኝ ነው፣ እንደ ልጄ ነው። ግን የኔታን ሳይጠይቅ ሸጠ። ሳይጠይቅ ለሚሸጥ ሰው ሱቅ አይሰጥም» አሉኝ። ነገሩ ልክ ነው። ሳይጠይቅ ለሚሸጥ ሰው ሱቅ አይሰጥም። የተሳሳቱት ሰውየውን ብቻ ነው።

ቤቴ ገባሁ፤ እንቅልፍ እንቢ አለ። በጎኔ ሞከርሁ፣ በጀርባዬ ሞከርሁ፣ በስተርጅና በሆዴ ተደፋሁ። ስንቱን ያስተኛሁ ሴት! ለዚህ ዓይነቱ ነገር የሚሆን ፍራሽ ለካ እኛም ጋ የለም።

በማግሥቱ የኔታ ዘንድ ሄድሁ። ሰማንያ አራት ሆኗቸዋል፤ ዛሬም ያው በዳኛው ርብራብ ላይ ናቸው። ሁሉንም ነገርኋቸው። መጀመሪያ ሳቁ። እና የሰመጥሁት በአንቺ ጎን ነው በዪኛ አሉኝ። ከዚያ ሳቃቸውን ተዉትና «እኔስ ተነሥቻለሁ። የዳኛው ስም የወደቀው የት ነው?» አሉ። ሱቁ ውስጥ፣ በባለቤቱም በሠራተኛውም ፊት አልኋቸው። «እንኪያስ እዚያው አንሺው። በአደባባይ የወደቀ ስም በጓዳ አይነሣም» አሉኝ።

ይኸው አደባባዩ። ለየኔታ ወልደ ገብርኤል ያን ፍራሽ የሸጥሁት እኔ ትርንጎ ነኝ። ሳልጠይቅ የሸጥሁት እኔ ነኝ። ዳኛው ያን ቀን የጻፈው ደረሰኝ ብቻ ነው። ጥፋት አለበት ከተባለም ለኔ ማዘኑ ነው።

ዳኛው፣ ወዴት ነህ? ከበሩ ተመለስ። መመለስ ካቃተህም እዚያው ቁም፣ ግን አትውጣ። ቃሌን አፈረስሁብህ። ይቅር በለኝ ለማለት አፍራለሁ፣ ግን እለዋለሁ፤ ይቅር በለኝ። ያን ቀን ሥራ ብቻ አይደለም ያተረፍህልኝ። ልጆቼ ደብተር የገዙት፣ ጫማ የቀየሩት፣ ሰው የሆኑት አንተ በከፈልኸው ነው። ይህን እነርሱም ዛሬ ጠዋት ከኔ አፍ ሰምተዋል። ልጄ ምን አለችኝ መሰለህ? «ታዲያ አያ ዳኛውን በዓል በመጣ ቁጥር በሩቁ ሰላም የምንለው ለምንድን ነው?» አለች። እንደ ወንድሜ እወድሃለሁ። ይህንንም በጓዳ ልነግርህ እችል ነበር፤ ሰው ይስማው ብዬ ነው።

ጋሽ ኪዳነወልድ፣ ስለ ወንበሩ አላዝዎትም፤ ሱቁ የርስዎ ነው። ግን ጠያቂ ሰው ከፈለጉ ከሌላ ከተማ ማስመጣት አያስፈልግዎትም፤ አስራ አራት ዓመት የጎንደርን አልጋ ሁሉ ሲጠይቅ የኖረ ሰው አለዎት። በኔ ላይ የሚፈርዱትን ይፍረዱ። ከሙከራ ጊዜዬ ማባረር ግን አልፎብዎታል።

ምን አሉ ጋሼ? ሰማሁዎት። «በድዬዋለሁ» አሉ። አይ፣ አይ፣ ለኔ አይንገሩኝ። ትንሽ ይታገሡኝ፤ ምርቃቴን ልጨርስና ይነሣሉ።

ጸሎት፣ ስትሸጪ የምትጠይቂ፣ ስትሳሳቺ የምትናገሪ ያድርግሽ፤ ከኔ ፍጠኚ። ሰርካለም፣ ሳቅሽን አይንሳን፣ ይህ ቤት ያለ እርሱ መጋዘን ነው። የመኪናና የመጋዘን ልጆች፣ ወገባችሁን ይጠብቅላችሁ፤ የሰውን ምቾት የምትሸከሙ እናንተ ናችሁ። ጋሼ፣ ዕድሜና ጤና ይስጥዎት፤ ባልቴት ከነልጆቿ ያስጠጋ ቤት አይጉደል። የኔታን ያቆይልን። አገራችንን ሰላም ያድርግልን፤ በየደጋውም በየቆላውም ሰው በሩን ዘግቶ ያለ ስጋት የሚያድርባት ያድርግልን። እናንተም በጎናችሁም ተኙ፣ በጀርባችሁም ተኙ፣ በሆዳችሁም ተደፉ፤ ብቻ ልባችሁ ሳይወቅሳችሁ የምታድሩ ያድርጋችሁ። አሜን በሉ እንጂ።

አሜን።

እንግዲህ እኔ እቀመጣለሁ። ጋሼ፣ አሁን ይነሡና ለራሱ ይንገሩት። ጮክ ብለው። ዳኛው በሩ አጠገብ ነው፣ እዚያ ድረስ ይሰማ።